ጋሽ ስንሻው እና የቁይው ሴንተር

የጋሽ ስንሻውን ሞት የነገረኝ ይበልጣል ነው። ኅዳር ላይ፣ ተማሪ እየፈተንኩ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ወጥቼ አነሳሁት። «መምህር፣ ጋሽ ስንሻው አረፉ» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አሁን ማን ይጮህብናል?» አለኝ።

በማግስቱ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቀበርናቸው። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ይበልጣል ነበር፤ ችግሩም የጀመረው ከዚያ ነው። ይበልጣል ማለት በየደጃፉ ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ የሚሳፈር፣ ሚኒባስ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከጆሮው ጋር የሚተካከል ሰው ነው። ሌሎቹ ተሸካሚዎች ትከሻው ላይ እንኳ አይደርሱም። ሳጥኑ ሲነሳ በእሱ በኩል ያለው ጫፍ ወደ ሰማይ አቀና፤ ጋሽ ስንሻው ወደ እግራቸው በኩል ሊንሸራተቱ ምንም አልቀራቸው። ሰዉ «ኧረ ዝቅ! ኧረ ዝቅ በል!» ብሎ ጮኸ። ይበልጣል ጉልበቱን አጠፈ፣ ጀርባውን ቀጥ አደረገ፣ እንደዚያው እንደ ተቀመጠ ሰው ሆኖ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተራመደ። አንዲት አሮጊት ከአጠገቤ፣ «ምነው ይህን የመሰለ ልጅ? እግሩን ምን አገኘው?» ሲሉ ሰማሁና ሳቄ አመለጠኝ።

ቀብር ላይ መሳቅ ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። በነጠላዬ ጫፍ አፌን ይዤ ስታገል የሟች ባለቤት እትዬ ዘርትሁን ዞረው አዩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅሁ። እሳቸው ግን እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እሱ ቢያየው ‹አሁን ገና መቆም ለመድክ!› ይለው ነበር» አሉኝና ለቅሷቸውን ቀጠሉ።

እውነታቸውን ነው። ለዚያ ልጅ እንዲያ መቆምን ያስተማሩት ጋሽ ስንሻው ናቸው። ባሠለጠኑት ክረምት ደግሞ እኔም ነበርኩ፤ አስተማሪ ሆኜ ሳይሆን ግንብ ሆኜ።

የሒሳብ መምህር ሆኜ ወደዚህ ከተማ ስመደብ ጋሽ ስንሻው በትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህርና የቅርጫት ኳስ ቡድኑ አሰልጣኝ ነበሩ። አጭር ነበሩ። አጭር ስል ለአነጋገር ያህል አይደለም። ጠዋት ተማሪ ሲሰለፍ መሀል ገብተው ሲያስተካክሉ ድምፃቸው ይሰማል እንጂ እሳቸው አይታዩም። ከሰማያዊ ቱታና ከፊሽካ ጋር የተወለዱ ይመስሉ ነበር። ፊሽካውን ለሠርግም ለለቅሶም አያወልቁትም። አንድ ሠርግ ላይ ሰው ምግብ ለማንሳት ሲጋፋ ነፍተውት፣ ሚዜዎቹን ሳይቀር ሰልፍ አስይዘዋል።

በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ ሳይጨርሱ ወጡ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «የኔታ ‹ቅኔህ አጠረ› አሉኝ፤ ‹ባለቤቱስ መቼ ረዘመ?› ብዬ ወጣሁ» አሉኝ። ይሁን እንጂ ቅኔ ቤቱ ከእሳቸው አልወጣም። የሚያወሩት ሁሉ ሰምና ወርቅ አለው። ተራ ሰላምታቸውን እንኳ ቤቴ ገብቼ ነበር የምፈታው።

ስለ ረጅም ሰው የሚሉት ነገር ነበራቸው። «ረጅም ሰው እግዜር ጀምሮ የተወው ሥራ ነው፤ መጨረሱ የኛ ፈንታ ነው።»

ይበልጣልን ያገኙት በምዝገባ ቀን ነው። የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የበሩ መቃን ጓ! አለ። ቀና ስንል ግንባሩን ይዞ የቆመ፣ ጎብጦም እንኳ በሩን የሞላ ልጅ አየን። ጋሽ ስንሻው ሻይ የያዘ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ስምህ ማን ነው?»

«ይበልጣል።»

«ከማን?»

«ከቁይ ነው የመጣሁ ጌታዬ።»

ጋሽ ስንሻው ወደ እኔ ዞረው፣ «ስሙን ሰማኸው? እንግዲህ ፍቺው የኛ ነው» አሉኝ።

ፍቺው ግን አስቸገረ። ልጁ ቁመት እንጂ ሌላ ምንም አልነበረውም። ኳስ ሲወረወርለት ትኩስ ድንጋይ እንደተወረወረበት ሁሉ እጁን ይሰበስባል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጨዋነቱ ነው። የቁይ ሰው ልጁን አሳድጎታል፤ ታላቅ ሲመጣ ይነሳል፣ መንገድ ይለቃል፣ ሲያቀብል በሁለት እጁ ነው። ሴንተር ማለት ደግሞ ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ «ይህ ቦታ የኔ ነው» የሚል ሰው ነው። ይበልጣል «የኔ ነው» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። በዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታችን፣ እዚያው ቅርጫቱ ሥር ኳሷን ይዞ ሲዞር በክርኑ አንዱን የተጋጣሚ ልጅ ነካውና ጣለው። ይበልጣል «እኔን!» ብሎ ኳሷን መሬት ላይ አስቀምጦ ልጁን አነሳው፤ አቧራውንም አራገፈለት። ተጋጣሚዎቻችን ኳሷን አንስተው ሄደው አገቡ። በእሷ ተሸነፍን።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁሉም ወደየቤቱ ተበተነ። ጋሽ ስንሻው ብቻ አልተበተኑም።

«በጋ መታያ ነው» አሉኝ። «ተጫዋች የሚዘራው በክረምት ነው። ይህን ልጅ አሁን ካልዘራሁት በጥር ምን አጭዳለሁ?»

«እሱ እኮ ቁይ ሄደ፤ አባቱ ለእርሻ ይፈልጉታል።»

«ነገ እንሄዳለና» አሉ። ‹እንሄዳለን› ሲሉ ማንን እንደጨመሩ አልጠየቅሁም። ያኔ አላገባሁም፤ ክረምቱን ምን እንደምሠራበትም አላውቅም ነበር።

የይበልጣል አባት አያ አለነ ቀጭን፣ እንደ ልጃቸው ረጅም፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። በክብር ተቀበሉን፤ ጠላ ቀረበልን። ጋሽ ስንሻው ነገሩን ከዓለም አፈጣጠር ጀምረው አስረዱ። አያ አለነ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«እንግዲህ ኳሱን ከቅርጫት ይከታል ነው የሚሉኝ?»

«አዎ!»

«ከተተው እንበል። ከዚያስ?»

«ከዚያ በታች በኩል ይወድቃል።»

«ቅርጫቱ ቀዳዳ ነው?»

«ቀዳዳ ነው።»

አያ አለነ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቱ የሒሳብ አስተማሪ ነዎት አሉ። ይህ ነገር ያዋጣል?»

«እንጃ» አልኩ። ጋሽ ስንሻው በጠረጴዛው ሥር ረገጡኝ።

«ልጁ ይማር፤ አልከለክልም» አሉ አያ አለነ። «ብቻ አሁን አረም ደርሷል። እሱ ከሄደ ገብሴን ማን ያርምልኛል?»

«እኛ!» አሉ ጋሽ ስንሻው። እኔ ‹እኛ› የተባልነው እነማን እንደሆንን ለማወቅ ዙሪያዬን አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት በካፊያ ማሳ ገባን። ስናር የሚባለው አረም በለጋነቱ ቁርጥ ገብስን ይመስላል፤ እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ሁለቱም አረንጓዴ መሆናቸውን ብቻ ነው የማውቀው። ጋሽ ስንሻው ግን ቱታቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ እያንጎራጎሩ፣ በሁለት እጃቸው ይነቅላሉ። አያ አለነ ትንሽ ቆይተው መጡ። የነቀልነውን ክምር አገላበጡት።

«መምህር፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አረም ነዋ!» አሉ ጋሽ ስንሻው በኩራት።

«ገብስ ነው።»

«እንግዲያ ያ የቀረው?»

«እሱ ነው አረሙ።»

አያ አለነ ዱላቸውን ተመርኩዘው ሰማዩን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያም፣ «ልጁን ይውሰዱት» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያርምልኛል። ብቻ እባካችሁ፣ በማርያም ይዣችኋለሁ፣ እናንተ ማሳዬን አትርገጡብኝ።»

ወደ ከተማ ስንመለስ ይበልጣል ከኋላ ወንበር ታጥፎ ተኝቷል። ወደ ጋሽ ስንሻው ጠጋ ብዬ፣ «አንቱ የገበሬ ልጅ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ነኝ እንጂ።»

«ታዲያ ገብስና ስናር አይለዩም?»

«ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳስሼ እለያለሁ። ግን እስቲ አስበው፤ ደህና አድርጌ ባርምላቸው ኖሮ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ያስቀሩኝ አልነበር?»

«እኔስ?»

«አንተማ የምርህን ነው የነቀልከው። ለዚህ እኮ ነው ያመጣሁህ፤ የኔ ብቻ ቢሆን ይነቁብኝ ነበር።»

ሜዳችን በክረምት ኩሬ ነው። ጋሽ ስንሻው ከአንድ ወዳጃቸው ባዶ የእህል መጋዘን ለምነው፣ የበርሜል ቀለበት ግድግዳው ላይ አስበየዱ። ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል፤ ያን ጊዜ ጋሽ ስንሻው በእጃቸው ያወራሉ፤ በእጃቸውም ቢሆን ይጮኻሉ። ዝናቡ ሲያባራ ድምፃቸው ገና አልወረደምና ሰፈሩ በሙሉ «ጉልበትህን እጠፍ! ረጅም ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም የስልክ እንጨት ነው!» የሚለውን ይሰማል።

ለእጁ ድንች አዘዙለት። ከማዶ ሆነው ድንች ይወረውሩለታል፤ እሱ ሳያጋጭ፣ ሳይጨምቅ፣ ለስለስ አድርጎ ይቀበላል። የወደቀው ድንች ይፈነከታል፤ የተፈነከተው ቤት ይሄዳል። እትዬ ዘርትሁን ያን ክረምት ሙሉ ድንች ወጥ ሠርተዋል። አንድ ቀን መጋዘኑ ድረስ መጥተው ይበልጣልን፣ «ልጄ፣ ስለ እመቤታችን ብለህ ቅለብ፤ ድንች ሰለቸን» ብለው ለመኑት። ከዚያ ቀን በኋላ ያመለጠው ጥቂት ነው።

ከድንቹ ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። እኔ ያኔም ወፍራም ነበርኩ።

«አንተ ሒሳብ፣ ይህን ሆድ እግዜር በከንቱ አልሰጠህም» አሉኝ ጋሽ ስንሻው። ትራስ በደረቴ ላይ በገመድ አስረው ከቅርጫቱ ሥር አቆሙኝ። ይበልጣል ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በወገቡ እየገፋ ቦታ ማስለቀቅ አለበት።

ይበልጣል ጀርባውን ሰጠኝ። ወዲያው ዞሮ እጅ ነሳ።

«ምን ሆንክ?» አሉት።

«ለመምህሬ ጀርባዬን ልሰጥ?»

«አዎ ስጥ!»

ሰጠ። ግን አልገፋም። ትራሱን በጀርባው ዳበስ አድርጎ፣ «መምህር፣ አመመዎት?» አለኝ። በየቀኑ እንዲህ ነበር። ጋሽ ስንሻው ተቆጡ፣ ለመኑ፣ ፊሽካ ነፉ። በመጨረሻ መጋዘኑ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ብዙ አሰቡና ብድግ አሉ።

«ገባኝ! ችግሩ ወገቡ ላይ አይደለም፤ ሰዋስው ላይ ነው። ልጁ ይህን ግንብ ‹አንቱ› ነው የሚለው። አንቱ የተባለ ሰው እንዴት ይገፋል? ና፣ ይበልጣል፤ ‹አንተ ዞር በል› በለው።»

ይበልጣል ወደ እኔ አየ። ላብ በላብ ሆነ። «አንቱ... ዞር ይበሉ» አለ።

«አንተ!»

«አን... እባክዎ መምህር ትንሽ ዞር ቢሉልኝ።»

«አየህ፣ ልጄ» አሉት ጋሽ ስንሻው ድምፃቸውን አለስልሰው። «ከ‹አንቱ› እስከ ‹አንተ› መንገዱ ሩቅ አይደለም። ቱ ላይ ያለችውን ቅጥያ ቆርጠህ መጣል ነው። አንዲት ቅጥያ! ስትወጣ መልሰህ ትቀጥልለታለህ። እዚህ ቅርጫት ሥር ብቻ ናት የምትቆረጠው።»

ሳምንታት ሄዱ። ልጁ ሌላውን ሁሉ ተማረ። እግሩን ተክሎ መዞርን ጋሽ ስንሻው በቅኔ ነው ያስገቡለት። «ትከሻህ ሰም ነው፤ ወደ ቀኝ ያሳያል። እግርህ ወርቅ ነው፤ በግራ ይገባል። ሰሙን አሳምረው፤ ሰው ሰሙን ሲከተል አንተ ወርቅህን ይዘህ ሂድ» ይሉታል። ይበልጣል ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ አያቱ ቄስ ስለነበሩ ነገሩ ከኳስ ይልቅ ቶሎ ገባው። በትከሻው እያታለለ ሲዞርብኝ እኔ በባዶ ሜዳ ግድግዳ እጠብቅ ነበር። መግፋት ላይ ግን ያው ነው።

ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ ጾም ላይ፣ ሁላችንም ርቦን ነበር። እኔ ነጭናጫ ሆኛለሁ፤ ቁርስ የማይቀምስ ወፍራም ሰው ክፉ ነው። ይበልጣል ጀርባውን ሲሰጠኝ ሳላስበው በሁለት እጄ ገፋሁት። እንደገና ገፋሁት። በሦስተኛው ጋሽ ስንሻው እንኳ ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡ። ይበልጣል ጉልበቱን አጠፈ።

«አንተ!» አለ።

የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ ብል አትመኑኝ፤ እኔ ግን ተንቀጥቅጫለሁ። «ዞር በል!» ሲል ወገቡ ትራሱ ላይ አረፈ፤ እኔ ከነትራሴ ሄድኩ፣ ግድግዳውን አገኘሁ፣ ሱሪዬ ከወገቤ እስከ ጉልበቴ ተተረተረ፤ ከበላዬ ኳሷ በበርሜሉ ቀለበት ውስጥ ስትወርድ አየሁ።

ጋሽ ስንሻው እየዘለሉ፣ «ተወለደ! ተወለደ! ወንድ ልጅ!» ይላሉ። ይበልጣል ደግሞ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ «መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ልደፋልዎ» እያለ ሊያለቅስ ደርሷል። እኔን ያነሳኝ ሰው አልነበረም፤ አንዱ በደስታ ሌላው በሐዘን ራሳቸውን አያውቁም ነበር። በጎን አጥንቴ ሕመም እስከ መስቀል ድረስ በአንድ ጎኔ ነው የተኛሁት።

ጥር ላይ የደምበጫ ልጆች መጡብን። ጠንካሮች ነበሩ፤ ሴንተራቸው እንደ ወይፈን የጠና ልጅ ነው። አያ አለነ ከቁይ ድረስ መጥተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ። ኳስ በገባ ቁጥር «አየ፣ አሁንም ፈሰሰ» ይላሉ።

ልጃቸው ከቅርጫቱ ሥር በርከክ ብሎ ቆሞ ቦታውን ያዘ። ያ ወይፈን ገፋው፤ አልተነቃነቀም። ይበልጣል ቀና ሳይል አንድ ነገር ሲለው ከንፈሩን አየሁ። «ምን አለው?» አሉኝ አያ አለነ። «አንተ አለው» አልኳቸው። «ታዲያ ምን ሊለው ኖሯል?» አሉኝ ተገርመው።

እኩል ለእኩል ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳስ ለይበልጣል ደረሰችው። ለስለስ አድርጎ፣ እንደ ድንች፣ ተቀበላት። ትከሻው ወደ ቀኝ ሄደ፤ ወይፈኑ ተከተለ፤ እግሩ በግራ ዞረ። ወይፈኑ ለመመለስ ሲሞክር እግሩ ተጠላልፎ ተዘረረ። ይበልጣል ቆመ። ኳሷ በእጁ ናት፤ ቅርጫቱ በላዩ ነው፤ ልጁ በሥሩ ወድቋል። ወደ ታች አየ፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ጋሽ ስንሻው ፊሽካቸውን በጥርሳቸው ነክሰዋል፤ መንፋት አይችሉ፣ ዳኛ አይደሉ።

ይበልጣል «እኔን!» አለ። አለና ኳሷን በአንድ እጁ ከቅርጫቱ አኖራት፤ በሌላው እጁ ወይፈኑን አነሳው።

ሜዳው ተናወጠ። ተማሪው ይበልጣልን ሊሸከም ሞክሮ አቃተው፤ ስለዚህ ጋሽ ስንሻውን ተሸከመ። አያ አለነ ሁሉም እስኪረጋጋ ጠብቀው ወደ አሰልጣኙ ሄዱ። «መምህር፣ ነገሩን ያዋጣል አያዋጣል አሁንም አላወቅሁትም» አሉ። «ግን ልጄ ቀና ብሎ መሄድ ለምዷል። ቤቴ ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፤ እንግዲህ ከፍ ማድረጌ ነው።» በሚያዝያ እውነትም ቤታቸውን አፍርሰው ከፍ አድርገው ሠሩ።

ይበልጣል ትልቅ ተጫዋች አልሆነም። ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማ ተምሮ፣ ለቡድናቸው ተጫውቶ፣ አሁን ነርስ ነው። በሽተኛን ከአልጋ ሲያነሳ አቻ የለውም ይላሉ። እኔንም ዛሬም ድረስ «አንቱ» ይለኛል።

ጋሽ ስንሻውን ለመጨረሻ ጊዜ ቤታቸው የጠየቅኋቸው ባለፈው ክረምት ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ ስንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን ጠይቄያቸው የማላውቀው ነገር ትዝ አለኝ።

«ጋሽ ስንሻው፣ አንቱ ለየትኛው ቡድን ነበር የተጫወቱት?»

እትዬ ዘርትሁን በሳቅ ወደ ጓዳ ገቡ።

«ተጫውቼ አላውቅም» አሉኝ።

«ምን?»

«አንድም ቀን። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ በየቀኑ ከሰዓት ሜዳው ዳር እሄዳለሁ። ልጆቹ ይከፋፈላሉ፤ ሁሉም ይመረጣል፤ እኔ እቀራለሁ። ‹አንተ ልብስ ያዝልን› ይሉኛል። የሁሉንም ኮት ክንዴ ላይ ይቆልሉታል፤ ከኮቱ በላይ ዓይኔ ብቻ ነበር የሚታየው።»

«አላናደደዎትም?»

«አናደደኝ እንጂ! ግን ኮት ያዥ ኳሷን አያይም። የኮቱን ባለቤት ነው የሚጠብቀው፤ መቼ መጥቶ እንደሚጠይቀው አያውቅማ። እንዲያ ስል የሰው እግር እንዴት እንደሚሄድ፣ ማን ከመዝለሉ በፊት እንደሚፈራ፣ ሁሉን ለየሁት። ዓመቱ ሲያልቅ አሰልጣኛቸው ‹የሚገባው ሰው ይኸ ነው› ብሎ ፊሽካውን ለእኔ ሰጠኝ። ይኸው ነው።»

ልሄድ ስነሳ እሳቸውም ተነሱ። እትዬ ዘርትሁን «ኧረ ተቀመጥ፣ ውጪ ብርድ ነው» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ከወንበሩ ላይ ኮቴን አንስተው፣ አራግፈው፣ አጣጥፈው በብብታቸው ያዙና እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። እሳቸው ከበሩ ክዳን ቆርቆሮ ሥር ናቸው፤ እኔ ከቆርቆሮው ውጪ። ኮቴን እንዲሰጡኝ እጄን ብዘረጋ፣ ወሬ አመጡ። ደምበጫ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ልጅ አይተዋል። ቁመቷ! እጇ! ሽንኩርቱን ስትወረውር አንድም አይሳትባትም። አባቷን አነጋግረዋል፤ እሺም እምቢም አላሉም። ታዲያ በሚቀጥለው ሳምንት አብረን ብንሄድ ምን ይመስለኛል? ልጅቷ ትንሽ ዓይን አፋር ናት...

አላቋረጥኳቸውም፤ ኮቴን የሰጡኝ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ «ኮትህ ደረቅ ሆኖ አንተ እንዴት በሰበስክ?» አለችኝ።